ከሰልፉ ጀርባ የሚቀመጠው ወንበር

እናቴን በሥራዋ ላይ ማየት የፈለገ ሰው የዕጩዎች ምዝገባ የሚዘጋበት ቀን ይምጣ። መዝጊያው ሲደርስ ከመስኮቷ ኋላ ትነሳለች፤ የተቀመጠችበትን ወንበር ታቅፋ በጓሮ በር ትወጣለች፤ ሰልፉን በጎን በጎን ታልፍና ከመጨረሻው ሰው ጀርባ ወንበሩን ዱብ ታደርገዋለች። ከወንበሩ ፊት ያለ ሁሉ ይስተናገዳል፣ የፈለገውን ያህል ይምሽ። ከወንበሩ በኋላ የደረሰ ግን አለቀለት፤ ቢያለቅስም ቢፎክርም አይመዘገብም። ከዚያ ተመልሳ ትገባና የቀረውን ሰው ሁሉ ቆማ ትመዘግባለች። ወንበሯ ውጭ ነዋ!

«ምናለ አንድ አሮጌ ሳጥን ብታስቀምጪ?» እላታለሁ።

«ሳጥን ሰው በእግሩ ይገፋዋል። ወንበሬን ግን ማንም አይነካውም» ትለኛለች።

እውነቷን ነው። ድሮ ከሰልፉ ኋላ የሚቆመው ጥበቃው ነበር። ጥበቃው ደግሞ ዘመድ አለው፣ ጎረቤት አለው፣ ሲጋራ የሚጋብዘው ወዳጅ አለው። «እኔ ቀድሜ ነበር፣ ሽንት ቤት ሄጄ ነው» የሚል ሁሉ ፊት ይገባ ነበርና ምዝገባ በተዘጋ ቁጥር ግርግር ነበር። ወንበሩ ከመጣ ወዲህ ግርግሩ ጠፋ፤ የእናቴ ጉልበት ግን አብሮ ጠፋ።

እኔ ከቢሮው ፊት ለፊት ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ከማሽኑ ኋላ ቆሜ በመስታወቱ ውስጥ የእናቴን መስኮትና ሰልፉን ቁልጭ አድርጌ አያለሁ። ሥራዋን ለማያውቅ ልንገር። የምክር ቤት አባል ሲሞት፣ በቃኝ ብሎ ሲለቅ፣ ወይም ጥፋት ተገኝቶበት ሲነሳ መቀመጫው ክፍት ይሆናል። ያኔ «በዚህ ቀጠና በማሟያ ምርጫ መወዳደር የሚፈልግ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይመዝገብ» የሚል ማስታወቂያ ይለጠፋል። ተወዳዳሪው ማመልከቻውን፣ የመታወቂያውን ቅጂና የቀጠናውን ነዋሪዎች የድጋፍ ፊርማ ይዞ እናቴ መስኮት ላይ ይቀርባል። እሷ ታያለች፣ ታመሳክራለች፣ ከዚያ ወይ ማኅተሟን ታሳርፋለች ወይ ትመልሳለች። ከተማው ሁሉ «እትዬ ማኅተም» ነው የሚላት። የቤት ስሟን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ እኔ ራሴ አንዳንዴ ይጠፋኛል።

ሰው ሁሉ የሚፈራት ክፉ ስለሆነች አይደለም። ክፉ ብትሆን ሰው ይሳደብና ይገላገል ነበር። እናቴ መስኮቱ ላይ ለመጣ ሁሉ፣ ለባለ ከረባቱም ለለማኙም፣ «እርስዎ» ብላ አንድ ነገር አሥር ጊዜ ታስረዳለች። የማታደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከመስኮቱ ውጭ አትናገርም። መንገድ ላይ ቢይዟት፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ቢለምኗት፣ ሠርግ ላይ ጆሮዋ ሥር ቢያንሾካሹኩ፣ ምላሿ ያው ነው። «ጥያቄ ካለዎት መስኮቱ ላይ ይምጡ።» ለእኔም ሱቁን የከፈትኩ ቀን አስጠንቅቃኛለች። «ፎቶ ኮፒ አንሺ፣ ሕግ አታንሺ» ብላ። ምን ቆርጦኝ! የማባዛውን ወረቀት ሁሉ ባነብ ኖሮ ዛሬ ጠበቃ ነበርኩ።

ይህን ጠባይ ከሜዳ አላመጣችውም። እኔ ተማሪ ሳለሁ አጎቴ፣ የእሷ ታናሽ ወንድም፣ ለአንድ ክፍት መቀመጫ ተመዝግቦ ነበር። ወረቀቱ አንድ እንከን አልነበረበትም። አጎቴ እንደሆነ ሲፈጠር ጥንቁቅ ነው፣ ካልሲውን ሳይቀር እየተኮሰ ነው የሚያጥፈው። ተወዳድሮም አሸነፈ። የተሸነፈው ሰው ግን «እህትየው እቤት ቁጭ አድርጋ አስጠንታዋለች» ብሎ ከሰሳት። ነገሩ እስኪጣራ ከመስኮቱ አንስተው ምድር ቤት፣ የአሮጌ ፋይል ክፍል ውስጥ ወረወሯት። አቧራ ስትቅም ከረመች። በመጨረሻ «ጥፋት አልተገኘባትም» ተባለና ተመለሰች፤ እስከ ዛሬ የማይለቃት ሳልም ይዛ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እቤታችን ስለ ምዝገባ አንዲት ቃል ተነስታ አታውቅም።

አባቴ ደግሞ የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። ጡረታ የወጣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቅጽል ስሙ «ጋሼ ፌርማታ»። ለምን መሰላችሁ? አንድ ሰው ሲሮጥ በመስታወቱ ካየ፣ ፌርማታ ይሁን አይሁን፣ ቀጥ ነው። በሩን ከፍቶ «ቀስ በሉ እማማ፣ እጠብቃለሁ» ይላል። ስንት ጊዜ ተቀጥቷል በዚህ! ኋላ ያለው መኪና ጥሩንባውን ሲያቀልጠው እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ሁለቱ እንዴት እንደተጋቡ አትጠይቁኝ። አንዷ በር የምትዘጋ፣ አንዱ በር የሚከፍት። እኔ መሃል ቆሜ ነው ያደግሁት።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የእኛ ቀጠና ዳገት ላይ ነው። ውሃ ወደ ላይ የሚገፋው ሞተር ከተቃጠለ ቆይቷል፤ ውሃ የምናገኘው በሳምንት አንዴ ነው፣ እሱም ጎህ ሲቀድ፣ እሱም ከመጣ። የቀጠናችን ተወካይ የነበረው ፋርማሲስት እግሩ እስኪቀጥን ተመላልሶ የአዲስ ሞተር መግዣውን ምክር ቤቱ አጀንዳ ውስጥ አስገብቶ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ድምፅ ሳይሰጥበት ሰውየው በድንገት አረፈ። እሱ ሲያርፍ አጀንዳውም አብሮ አረፈ። «አቅራቢ የለውም» ብለው አወጡት። ውሃ ክፍሉ ብንሄድ «ምክር ቤት ጠይቁ»፣ ምክር ቤት ብንሄድ «ተወካያችሁ ያቅርብ»። ተወካያችን መቃብር ውስጥ ነው ያለው፣ እንዴት ያቅርብ?

ምዝገባ ሲከፈት አንድ ሰው ብቅ አላለም። ሰው ደክሞታል፤ በጄሪካን ዳገት ሲወጣና ሲወርድ የዋለ ሰው የምን ውድድር ያምረዋል? ለሁለተኛ ጊዜ ምዝገባ ተከፈተ። ይህኛው የመጨረሻው ነበር። አሁንም ተመዝጋቢ ከጠፋ መቀመጫው እስከ ጠቅላላው ምርጫ ባዶውን ይቆያል፤ ያ ደግሞ ገና ነው፣ ስንት ክረምት ያልፋል። የቤታችንን የውሃ በርሜል የምትሞላው ማን ሆነችና! እናቴ ናት። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ቧንቧው ሥር ቆማ ጎማውን ይዛ ትጠብቃለች። ከዚያ በዚያው እግሯ ቢሮ ትሄዳለች።

ያኔ ነው ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ሌሎች ሰዎች አስከትሎ እቤት የመጣው።

«ጋሼ ፌርማታ፣ እርስዎ ይግቡልን» አለ። «እርስዎን የማያውቅ የለም። ግማሹን ቀጠና በአውቶቡስዎ ሲያመላልሱ ኖረዋል።»

እናቴ ይህን ስትሰማ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበችና ጓዳ ገባች። በሩን ዘጋችው። እንግዶቹ ተያዩ።

«ተዋት፣ ሥራዋ ነው» አለ አባቴ። አገጩን አሻሸና «እሺ። ስለ ውሃው ስል እገባለሁ» አላቸው። ልብስ ሰፊው ጉልበቱን ሊስም ምንም አልቀረው።

ማታ ራት ላይ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ የምልሽ… ይሄ የድጋፍ ፊርማ የሚባለው ነገር እንዴት ነው የሚሰበሰበው?»

እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ጥያቄ ካለህ መስኮቱ ላይ ና።»

«እንዴ! እኔ ባልሽ ነኝ እኮ!»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው መስኮቱ ላይ ና የምልህ። ሰው ፊት ጠይቀኝ፣ ሰው ፊት እመልስልሃለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።»

«የገዛ ሚስቴ መስኮት ላይ ተሰልፌ ልለምን? ሞቼ እገኛለሁ!»

«ሌላው ሰው ሲሰለፍ እየለመነ ነው እንዴ?»

«ሌላው ሰው ከአንቺ ጋር አንድ አልጋ ላይ አያድርም!»

ሳቄ አምልጦኝ ሁለቱም አፈጠጡብኝ። ከዚያ ወዲያ ግግም አለ። የኔ አባት መሪ ይዞ ያረጀ ሰው ነው፤ አንዴ ወደ አንድ ጎን ካዞረ አይመለስም። ማመልከቻውን ልብስ ሰፊው አመጣለት። ማብራሪያው መስኮቱ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ ግን እሱ ለማንበብ እንኳ በዚያ በኩል አላለፈም። ብታዩት ያስቃችኋል፣ መታወቂያውን ፎቶ ኮፒ ለማስነሳት የእኔን ሱቅ ትቶ ታች መንገድ ያለው ተፎካካሪዬ ዘንድ ሄደ። ደሜ ፈላ!

«አባባ፣ የገዛ ልጅህን ሱቅ ትተህ?»

«አንቺ የእናትሽ ሰላይ ነሽ» አለኝ፣ የሹፌርነት ቦርሳውን ደረቱ ላይ ለጥፎ። ያቺን ቦርሳ ሲተኛም ከራስጌው አያርቃትም ነበር።

እናቴ ለአለቃዋ አመልክታ ነበር። «ባለቤቴ ሊመዘገብ ነው፤ የሱን ወረቀት ሌላ ሰው ይየው» ብላ። አለቃዋ ቀና ብሎም አላያት። «ሰው የለኝም። ደግሞ ካንቺ በላይ ማን ይታመናል?» አላት። እንዲህ ያለ ምስጋና ለጠላቴም አይስጠው።

ቀኑ እየሄደ ነው። አባቴ በየቤቱ እየዞረ ያስፈርማል። ዳገቱን ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ማታ እግሩን ለብ ባለ ውሃ ይነክራል፤ የተነከረበትን ውሃ ደግሞ ለአበባው እናጠጣለን፣ አይደፋም። በእውነቱ ደስ ይል ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንደዚያ ፊቱ ፈክቶ አይቼው አላውቅም። «ሰው እንዴት አድርጎ እንደተቀበለኝ ብታዪ! አንድም ቤት አንኳኩቼ እንቢ ያለኝ የለም» ይለኛል። እናቴ ትሰማለች።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ውሃ መጣ። እናቴ በርሜሉ ላይ ጎማ ይዛ ቆማለች፤ እኔ ጄሪካን አቀርባለሁ። ልብስ ሰፊው ከአጥሩ ወዲያ የራሱን እየሞላ ለሚስቱ ሲያወራ ይሰማናል።

«እኔማ ለቤቱ ሁሉ ፈረምኩለት! ላንቺም፣ ለልጆቹም፣ ለአማቴም። አባወራ ከፈረመ አለቀ አይደል? ዳቦ ቤቱም እንደዚያው ነው ያደረገው። የውሃ ኮሚቴ ስንመርጥስ እንዲሁ አልነበር?»

እውነት ነው፣ በእኛ ሰፈር እንዲሁ ነው። ለአጥር ይሁን ለመንገድ መብራት፣ ከአንድ ቤት አንድ ሰው ይፈርማል፤ ለቀሩትም እሱው ስማቸውን ጽፎ ይፈርምላቸዋል። ማንም ክፉ አስቦበት አያውቅም።

ቀና ስል እናቴ ጎማውን እንደያዘች ቆማለች። በርሜሉ ሞልቶ ውሃው እየፈሰሰ ነው። እናቴ! አንድ ኩባያ ውሃ ሲደፋ «ወይኔ» የምትለዋ! ውሃው በነጠላ ጫማዋ ላይ እየወረደ ጭቃው ውስጥ ሲገባ ዝም ብላ ታየዋለች። «እማዬ!» ብዬ ጎማውን ቀማኋት። እንቅልፍ ያዳፋት መሰለኝ። እኔም ደክሞኝ ነበር፣ ከዚያ በላይ አላሰብኩም።

የዚያን ዕለት ማታ አባቴ ጫማውን ሲያወልቅ አጠገቡ ሄዳ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ መስኮቱ ላይ ና» አለችው። «ነገውኑ ና። ባክህ።»

እናቴ «ባክህ» ስትል ሰምቼ አላውቅም። አባቴም የሰማ አይመስለኝም፤ ግን ክብሩ ጆሮውን ደፍኖታል። «ስጨርስ እመጣለሁ። አንዴ፣ ሁሉን አሟልቼ። ሚስቱ ረዳችው እንዳይሉሽ ብዬ እኮ ነው» አላት።

እሷ በገዛ ደንቧ አፏን ታሽጋ ቆመች። ወደ ጓዳ ገብታ ስታስል አመሸች።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ አንድ ነገር አይ ነበር። እናቴ አንዱን ባለጉዳይ ጨርሳ ሌላው እስኪቀርብ ከመስኮቷ ቀና ትላለች፤ አንገቷን ሰግጋ በሰልፉ ራስ ላይ ወደ እኔ ሱቅ አቅጣጫ ታያለች፣ ከዚያ ትመለሳለች። ሱቄ ውስጥ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት አለ። እሱን የምታይ መስሎኝ በደንብ እንዲታያት ወደ መስታወቱ አስጠግቼ ሰቀልኩላት።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ሌሎች ቀጠናዎችም ክፍት መቀመጫ ስለነበራቸው ሰልፉ እስከ በሩ ወጥቶ ነበር። ጠዋት አባቴ የለም። እኩለ ቀን ላይ የለም። ሱቁን ትቼ ልፈልገው ስል ከታች ብቅ አለ። ለሠርጌ የገዛውን ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ጫማው ተወልውሏል፣ ቦርሳውን አንግቷል። ለካ አንዲት የአልጋ ቁራኛ የሆኑ አሮጊት «እኔም ልፈርምልህ» ብለው አስጠርተውት፣ ብዕር እስኪይዙ፣ መነጽር እስኪፈለግ ቁጭ ብሎ ሲጠብቃቸው ነው የዋለው። ያው ጋሼ ፌርማታ አይደል! መጥቶ ከሰልፉ ጫፍ ቆመ። ከሱ በኋላ ማንም አልመጣም።

ሰዓቱ ደረሰ። እናቴ ወንበሯን ታቅፋ በጓሮ በር ወጣች። ሰልፉን በጎን እያለፈች መጣች፣ መጣች፣ ጫፉ ጋ ስትደርስ አየችው። እኔ ከሱቄ በር ላይ ነበርኩ፤ ፊቷን አይቼዋለሁ። የደስታና የድንጋጤ ነገር ተቀላቀለባት። ወንበሩን ከጀርባው አስቀመጠች።

«ጌታዬ፣ ትንሽ ወደ ፊት ጠጋ ይበሉ» አለችው።

«እሺ እመቤቴ» አለ አባቴ ኮራ ብሎ። ሰዎች ሳቁ። እሱም ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ሱቄን ዘግቼ ወደ ቢሮው አዳራሽ ገባሁ። ሰልፉ በቀንድ አውጣ እርምጃ ነው የሚሄደው። የአባቴ እግር እንዳበጠ አውቃለሁና «አባባ፣ ወንበሩ ላይ አረፍ በል» ስለው «እሱማ የድንበር ምልክት ነው፣ አይነካም» አለኝ። እሱም ቆሞ እሷም ቆማ፣ አንዱ ከመስኮቱ ወዲህ አንዷ ከመስኮቱ ወዲያ፣ ሰዉ አልቆ እስኪገናኙ ድረስ ጠበቁ። በመጨረሻ አዳራሹ ውስጥ የቀረነው ሦስታችንና ጥበቃው ነበርን።

አባቴ ቦርሳውን ከፍቶ ወረቀቱን በሁለት እጁ አቀረበ። እናቴ ማመልከቻውን አየች፤ ደህና ነው። የመታወቂያውን ቅጂ አየች፤ ደህና ነው። የድጋፍ ፊርማውን ገለጠች። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና መልሳ አደረገች።

«ይሄና ይሄ፣ ከሥሩም ያሉት፣ የአንድ ሰው እጅ ነው።»

«ልብስ ሰፊው ነው» አለ አባቴ። «ለቤተሰቡ ፈርሞ ነው። ሁሉም ፈቅደዋል፣ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል።»

«ቀጥሎ ያሉትስ?»

«የዳቦ ቤቱ ባለቤት። እሱም ለቤቱ።»

«እነዚህስ?»

አባቴ ባዶ ቦርሳውን ዘጋ። እሷ ገጽ በገጽ ገለጠች። አንዱም ገጽ ያስገረማት አይመስልም። ያን ጊዜ ጎማ ይዛ በርሜል ላይ የቆመችው ትዝ አለችኝና ክው አልኩ። ከዚያ ጠዋት ጀምራ ታውቅ ነበር።

«ጌታዬ» አለች፣ «እያንዳንዱ ደጋፊ በራሱ እጅ ነው መፈረም ያለበት። በሌላ ሰው እጅ የተፈረመው ይወጣል። እሱ ሲወጣ የቀረው አይበቃም።»

«እሺ፣ ላስፈርማቸዋ! አሁኑኑ ሮጬ…»

«ምዝገባው ተዘግቷል። ወንበሩን አይተውታል።»

ጥበቃው ሆዱ አላስችል አለው። «እትዬ፣ ለዚህ ቀጠና ሌላ ተወዳዳሪ እንኳ የለም። ማን ይከስሻል? ማንስ ያያል?»

«እኔ አይቻለሁ» አለች።

ማኅተሙን አነሳች። «ያልተሟላ» የሚለውን ነው። ስትመታው ድምፁ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ጮኸ። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ በዚያች ቅጽበት ጠላኋት። የገዛ ባልዋ ነው። የገዛ ውሃዋ ነው። የገዛ ጉልበቷ ነው!

የአባቴ ቅስም ሲሰበር አየሁት። መጀመሪያ ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ድምፁ ፈነዳ። «እቤት አንዲት ቃል! አንዲት ቃል ብትተነፍሺ ምን ነበረበት? አጠገቤ ተኝተሽ!»

እናቴ በሁለት እጇ ጠረጴዛውን ተደገፈች። ስትናገር አሁንም «እርስዎ» ነበር የምትለው፣ ድምፁ ግን የመስኮቱ አልነበረም።

«በየቀኑ ጠብቄዎታለሁ» አለች። «አንድ ሰው በጨረስኩ ቁጥር ቀና ብዬ ሰልፉ ላይ ስፈልግዎ ነበር። የሚመስልዎ ሰው ሁሉ ያስደነግጠኝ ነበር። ሁለት ሦስት ሰው ጠብቀው ቢቀርቡ፣ አንዲት ጥያቄ ቢጠይቁኝ፣ ሁሉንም እነግርዎ ነበር። አልመጡም።»

እኔ ወደ ኋላዬ ዞሬ ሱቄን አየሁ። ሰዓቱ ከመስታወቱ ሥር ተሰቅሏል። የፈለገ ዓይን ቢኖራት ከዚህ ሊነበብ አይችልም፤ የሰልፉ ጫፍ ግን ጥርት ብሎ ይታያል።

አባቴ ቦርሳውን አነገተ። ከዚያ ዞረና ወደ በሩ መሄድ ጀመረ። ሊተወን ነው ብዬ ልከተለው ስል ወንበሩ ጋ ቆመ። ጎንበስ ብሎ አነሳው። ያበጠ እግሩን እየጎተተ በጓሮ በር በኩል ዞረ፤ ጥበቃው «ባለጉዳይ መግባት…» ብሎ ጀመረና ተወው። አባቴ አልገባም። ወንበሩን ከደጃፉ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ «ተቀመጪ» አላት። «ቀኑን ሙሉ ቆመሻል።»

ተቀመጠች። እሱ በመጣበት ተመልሶ መስኮቱ ፊት ቆመ። ኮቱን ቆለፈ።

«እመቤቴ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ» አለ።

እናቴ ቀና አለች። «ይጠይቁ ጌታዬ።»

«ለመወዳደር የሚፈልግ ሰው የድጋፍ ፊርማ እንዴት ነው የሚያሰባስበው?»

ነገረችው። ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ለማንኛውም ባለጉዳይ እንደምታደርገው፣ ምንም ሳትዘል ነገረችው። ፈራሚው የቀጠናው ነዋሪ መሆን አለበት። መታወቂያው ከስሙ ጎን ይመዘገባል። በራሱ እጅ ይፈርማል፤ መጻፍ የማይችል በጣቱ አሻራ ያደርጋል። እዚህ ላይ ቆም ብላ ውሃ ጠጣች። ስህተት ቢገኝ እንኳ ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት ከመጣ ይታረማል፣ ስለዚህ ቀድሞ መምጣት ይጠቅማል አለችው። እሱ አንገቱን እየነቀነቀ እስከ መጨረሻው ሰማት። እንባዋ በአፍንጫዋ ጎን ይወርዳል፤ አልጠረገችውም።

«ሌላ ጥያቄ አለዎት?»

«የሚቀጥለው ምዝገባ መቼ ነው?»

«በጠቅላላው ምርጫ።»

«ያኔ እዚህ መስኮት ላይ እርስዎ ይኖራሉ?»

«አልኖርም። ጡረታዬ ከዚያ በፊት ነው።»

«እንግዲያው እቤት እጠይቅዎታለሁ» አለ አባቴ።

ጥበቃው መብራቶቹን እያጠፋ መጣ። እናቴ በጓሮ በር ስትወጣ አባቴ ክንዷን ደገፋት። ወደ ቤት አቀናን። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሁለቱም ትንፋሽ አጥሯቸው ቆሙ፤ እናቴ እጇን ዘርግታ «ያንን ቦርሳ ስጠኝ፣ ይከብድሃል» አለችው። ሰጣት። ልብስ ሰፊው ደጁ ላይ ቆሞ «እህ፣ ተሳካ?» እያለ ይጠብቀን ነበር፤ አባቴ በእጁ «ነገ» የሚል ምልክት አሳየው።

ቤት ስንገባ እናቴ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ በቀጥታ ወደ በርሜሉ ሄደች። ክዳኑን አንስታ አየችና መልሳ ከደነችው። ለነገ ጠዋት ፊት መታጠቢያ የሚሆን እንኳ አልነበረም።